ያልነበሩት ሰዎች

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለእሳቸው የነገርኳቸው ጾም መግደፌን፣ ሰው መሳደቤንና አንድ ሁለት ጊዜ መስከሬን ነው። ስግደት ያዙልኛል፣ እሰግዳለሁ፣ ቀለለኝ ብዬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ዋናው ኃጢአቴ ግን ከደረቴ ሳይነቃነቅ አብሮኝ ሲሰግድ ኖሯል። አንተ አንባቢ አታውቀኝም። የምነግርህም ስለማታውቀኝ ነው፤ ይህንንም እንደ ድፍረት እንዳትቆጥርልኝ።

የሠራሁት ሥራ ሲነገር አጭር ነው። አንድ ወዳጄን፣ ያልሠራውን ጥፋት ሠርቻለሁ ብለህ እመን አልኩት። አመነ። እሱ ወደ እስር ቤት ሄደ፣ እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ዝም ብዬ እሞት ነበር። አላበቃም፤ ዛሬም ይህን ስጽፍ ነገሩ እየሄደ ነው።

ወዳጄ አደም ይባላል። የበደሳ ልጅ ነው፤ ጭሮ መጥቶ መምህር ሆነ፣ አገባ፣ ወለደ። እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ፣ ቤተሰቦቼ ዛሬም ከተማዋን አሰበ ተፈሪ እያሉ የሚጠሩ፣ አንዲት የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ያለችኝ ሰው ነኝ። ሁለታችንም የአንድ ትንሽ ተቃዋሚ ፓርቲ አባላት ነበርን። ስሙን አልጠራውም፤ ብጠራውም ብዙ ሰው አያውቀውም። አደም የዞኑ ሰብሳቢ፣ እኔ ምክትሉ ነበርኩ። ቢሯችን ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ የጫት አይሱዙ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ አንድ ክፍል ነበር።

አደምን ሰው ይወደው ነበር። ቦኬ ሲሄድ ገበሬው ገበያውን ትቶ ይከበዋል። መሰላ ሲሄድ ሽማግሌዎቹ ከጎናቸው ያስቀምጡታል። እኔ ምክትሉ ግን ከኋላው ቦርሳ ይዤ ነበር የምከተለው። ፓርቲውን ከእሱ በፊት የተቀላቀልኩት እኔ ነበርኩ፤ ሕገ ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ የማውቀውም እኔ ነበርኩ። ታዲያ ለምን እሱ? ይህ ጥያቄ ሆዴን ሲበላው ስንት ጊዜ አብሬው ሳቅኩ! ምቀኝነት ነበር፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም።

በዚያ ዓመት የፓርቲው ዋና መሪ ሊቀየር ነበር። አዲሱ ሰው ማን እንደሚሆን አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች አስቀድመው ጨርሰዋል፤ ጠቅላላ ጉባኤው የሚጠራው ለማጨብጨብ ነው። አደም ደግሞ ምርጫው በምስጢር ድምፅ ይሁን፣ ሁለት ዕጩ ይቅረብ ብሎ አስቸገራቸው። ከሌሎች ዞኖችም ሰው ይሰማው ጀመር። አንድ ቀን ከማዕከል አንድ ሰው መጣና እኔን ለብቻዬ ምሳ ጋበዘኝ። የተረጋጋ፣ ድምፁን የማያነሣ፣ ሥጋውን በጥንቃቄ የሚቆርጥ ሰው ነበር።

«አደምን በድምፅ ማውረድ አይቻልም» አለኝ። «በደሳም ቦኬም የእሱ ነው። ነገር ግን ሰው በገዛ አፉ ካመነ ድምፅም ምስክርም አያስፈልግም።»

ከዚያ በላይ ምንም አላለም። ይህን አድርግ ብሎ አላዘዘኝም። ያዘዘኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ጣቴን የምቀስርበት አገኝ ነበር። የገባኝ ግን ከምሳው በኋላ እጄን ታጥቤ ከመመለሴ በፊት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ግምገማ እንደሚኖር ነግሮኝ ሄደ።

ግምገማ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው። አባላቱ ይሰበሰባሉ፤ መሪው ተነሥቶ ራሱን ይወቅሳል፤ ይህ ግለ ሂስ ይባላል። ከዚያ ሌላው ይወቅሰዋል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋት የለብኝም የሚል ሰው ትዕቢተኛ ይባላል፤ ከጥፋትም ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው አንዲት ትንሽ ጥፋት አዘጋጅቶ ይገባል። ባይኖረውም ይፈጥራል። እሷን አምኖ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እታረማለሁ» ብሎ ይድናል። ይህን ነገር የተማርነው ከምንቃወማቸው ሰዎች ነው፤ ጠልተናቸው ስናበቃ ልማዳቸውን ወርሰናል።

አደም ለዚህ አይነቱ ነገር ሞኝ ነበር። ከግምገማው በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ እሱ ቤት በርጫ ተቀምጠን ጫታችንን ስንቅም ጭንቀቱን አጫወተኝ።

«ተስፋ፣ ምን ብዬ ልመን? ወላሂ የማምነው ነገር የለኝም» አለኝ።

እኔም፣ ሳምንቱን ሙሉ ሳዘጋጀው የከረምኩትን፣ ያን ጊዜ ገና እንደ ታሰበኝ አድርጌ ነገርኩት። «ቀላል ነገር እመን። ኮሚቴው ሳያውቅ ከአንዳንድ ሰዎች ጋር ተገናኝቼ ነበር በል። ማን ምን ይልሃል? ሰው የማያገኝ ፖለቲከኛ አለ እንዴ?»

«እነማን ቢሉኝስ?»

«አይሉህም። ለምን ይሉሃል?»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አደረገና «አቦ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አለ። ሚስቱ ፋጡማ ሻይ ይዛ ገባች። እኔም ምን አልኩ? ስኳሩን ቀንሺልኝ አልኩ።

ያን ጊዜ በእኛ አገር «አንዳንድ ሰዎች» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር ልበል? ሕፃን ያውቀዋል። ጫካ ስላሉት ታጣቂዎች በስማቸው የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ «አንዳንድ ሰዎች»፣ «እነዚያ ሰዎች» ነበር የሚባለው። አደምም ያውቃል። ግን ፖለቲካ ውስጥ ሆኖ ወዳጁን የሚያምን ሰው ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አባባሉ የመንጣሪውን ስም አይጠራም እንጂ።

ስብሰባው የተደረገው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ከበደሳም፣ ከመሰላም፣ ከቦኬም አባላት መጥተዋል። አደም ተነሣ፤ ወደ እኔ አየት አደረገና ያስጠናሁትን ቃል በቃል ተናገረ። በመጨረሻም «እታረማለሁ» አለ። ሊቀመጥ ሲል ከማዕከል የመጣው ሰው በዚያ በተረጋጋ ድምፁ «እነማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀው።

ከቦኬ የመጣ አንድ ሰውዬ ውኃ ሊጠጣ ያነሣው ብርጭቆ አፉ ሳይደርስ ቆመ።

አደም ስም ሊጠራ ይችል ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ነጋዴ፣ የሞተ ሰውም ቢሆን መጥራት ይችል ነበር። ግን በዚያ ቅጽበት የሚጠራው ስም ነገ ምን እንደሚደርስበት ገባው። «ስም መጥራት አያስፈልግም» አለ። ሰውየው ደግሞ ጠየቀው። ሦስተኛ ሲጠይቀው አደም በላብ ተጠምቆ «ውሸቴን ነው፤ ማንንም አላገኘሁም» አለ።

«ታዲያ ለምን አመንክ?»

ያን ጊዜ አደም አየኝ። ብዙ አላየኝም፤ አንድ ሰው የረሳኸውን ነገር እስክታስታውስ የሚጠብቅህን ያህል ነው። ተስፋዬ ነው እመን ያለኝ ማለት ይችል ነበር። እኔ ራሴ እንድለው ዕድሉን ሰጠኝ። ተነሥቼ «እኔ ነኝ እመን ያልኩት፤ ሰዎች የሉም» ብል በዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር ያበቃ ነበር። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። የጫማዬን ክር አየሁ። አደም ነገሩ ገብቶት ይሁን ትቶኝ አላውቅም፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣና ተቀመጠ። ስሜን አልጠራም።

ይውረድ ለሚለው እጅ ሲወጣ ቀድማ የወጣችው የእኔ እጅ ናት። የወዳጁ እጅ ከወጣ ሌላው ምን ይጠብቃል? ከቦኬ የመጡት ሳይቀሩ እያለቀሱ አወጡ። ከዚያ ጥቆማ ተባለ፤ አንድ ሰው ስሜን ጠራ፤ እኔም እንደ ወጉ «ኧረ እኔ አልችልም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» አልኩ። አልችልም ማለቴን ሳልጨርስ ተጨበጨበልኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በአዳራሹ የተባለው ነገር እኛ ወደ ቤታችን ሳንገባ ከተማው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሳምንታት አልፈው አደም ለገበያ በደሳ በወረደበት ቀን የመንግሥት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ከዓመት በላይ ያዙት፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁታል፤ «እነማን ናቸው?» እሱም የለም፣ የሉም ይላል። ያለ ክስ ሲለቁት ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ነበር።

ሊሞት ሰሞን ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። ሌላ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ «ተስፋ» አለኝ፣ «አንተማ ምን ታውቃለህ፣ ለደግ ብለህ ነው የመከርከኝ።» ይህን ያለው አምኖበት ነው? ወይስ እስኪ አሁንስ ትናገር ይሆን ብሎ በሩን ሲከፍትልኝ ነው? ሁለቱንም አስቤ አስቤ ደክሞኛል። እኔ የመለስኩለት «አይዞህ፣ ትድናለህ» ብዬ ነው። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው፤ ከሬሳው ቀጥሎ ከቆሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደማልፈልገው ቦታ ደረስኩ።

አደም ለሚስቱም፣ ለልጁም፣ ለጎረቤቱም ማንንም አላገኘሁም ብሎ ምሏል። ያመነው ግን የለም። በገዛ አፉ ተናግሮ የለ? ተሰቃይቶ እንኳ ስም አልጠራ! በማለ ቁጥር ሰው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀለት። ከሞተ በኋላ ደግሞ ሰዎችን አሳልፎ ያልሰጠው ጀግናው አደም ተባለ። ያልነበሩት ሰዎች በየቤቱ ወሬ እንደ ነበሩ ሆኑ። እንዳልነበሩ የማውቀው በምድር ላይ እኔ ብቻ ቀረሁ። እኔም በመታሰቢያው ላይ ስለ ጽናቱ ንግግር አደረግኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ልጁ ሙክታር በዚህ ወሬ አደገ። ባለፈው ክረምት ሱቄ መጣ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፎቶ ኮፒው ቆሟል፤ ሌላ ሰው የለም። አባቱን ነው የሚመስለው፣ ቁመቱ ብቻ ይበልጣል።

«ጋሼ፣ አባቴ ስማቸውን ያልጠራቸውን ሰዎች እርስዎ ያውቋቸዋል፤ ወዳጁ ነበሩ» አለኝ። «እነሱን ብሎ ነው የሞተው። እኔም እነሱ ጋ ልሄድ ነው፤ ከማን ልጀምር?»

አየህ አይደል፣ እግዜር ለሦስተኛ ጊዜ በሩን ከፈተልኝ። «ልጄ፣ ሰዎች የሉም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው» ማለት ነበረብኝ። ቢመታኝ ይመታኝ፤ ቢገድለኝ እንኳ እሱ ይተርፍ ነበር። እኔ ግን ስለ ስሜ አሰብኩ፤ ስለ ሱቄ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለዚያች የማትረባ ወንበር አሰብኩ። «ያለፈ ነገር አታንሣ፤ አርፈህ ትምህርትህን ተማር» አልኩት። እሱ ይህን እንዴት ሰማው መሰለህ? የሚያውቅ ሰው እንደሚደብቀው አድርጎ ሰማው። ፈገግ አለና «ገብቶኛል ጋሼ፤ እርስዎም እንደ አባቴ ነዎት» ብሎኝ ወጣ።

ሄደ። በቦኬ በኩል አልፏል ያሉ አሉ። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ያገኛቸው ሰዎች ካሉ አባቱን ሰምተውት እንኳ አያውቁም፤ የአደም ልጅ ነኝ ሲላቸው ምን ይሉት ይሆን? ላኪህ ማነው ሲሉት የማንን ስም ይጠራ ይሆን? እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ነቅዟል፤ አንድ አባት በልቶ ወደ ልጁ ዞሯል።

ፋጡማ አሁን በየሳምንቱ ሱቄ ትመጣለች። አትቀመጥም፤ በሩ ላይ ቆማ ነው የምትናገረው። መጀመሪያ የመጣች ቀን እንዲህ አለችኝ፤ «ኦቦ ተስፋዬ፣ አንተ እነዚያን ሰዎች ታውቃለህ። አደም ለእነሱ ብሎ ሞተ፣ ይበቃል በላቸው። ልጄን ይመልሱልኝ። በአላህ፣ መልእክት ላክልኝ።»

እኔም «እሺ፣ እልካለሁ» አልኩ።

ከፓርቲው ወጥቻለሁ፤ ወንበሩን ሌላ ሰው እኔ በወሰድኩበት መንገድ ወስዶታል። ይህን የምለው ተቀጣሁ ለማለት አይደለም፤ እሱ ቅጣት አይባልም። ይቅርታም አልጠይቅህም፤ አንተን አልበደልኩህምና ይቅር የምትለኝ ነገር የለህም። ዘመኑ ነው፣ ፖለቲካው ነው፣ ያ ሥጋ ቆራጭ ሰው ነው አልልም። እኔ ነኝ እመን ያልኩት። እኔ ነኝ አንገቴን የደፋሁት። እኔ ነኝ ልጁን ዝም ብዬ የሸኘሁት።

ፋጡማ አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም፤ እንደማታነበው አውቄ ነው ይህንን የጻፍኩት። ትናንትም መጥታ ነበር። «መልስ አልመጣም?» አለችኝ። «ገና ነው፤ ጠብቂ» አልኳት፤ አመሰገነችኝና ሄደች።