ሰው ቤት የተሰናዳ ዘንቢል

ተናኘ ላፍቶ ውስጥ ልብስ እየሰፋች የምትተዳደር፣ አርባውን ያለፈች፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ነበረች። ባሏ በዚሁ ምክንያት ትቷት ሌላ አገባና በዓመቱ ወለደ። እሷም ወሬውን ላመጡላት ሴቶች «እሰይ፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑ ለየለት!» ብላ ስቃ ሸኘቻቸው። እንዲህ ያለ አፍ ነበራት። የመንደሩ ሴቶች ያንን አፏን ይወዱታል፣ ይፈሩታልም።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ክረምት ላይ ታዲያ ይቺው ተናኘ የሕፃን ልብስ መስፋት ጀመረች። ቀሚስ ሊለኩ የመጡ ሴቶች መኪናዋ ላይ የተዘረጋውን ሚጢጢ እጅጌ አይተው የማን እንደሆነ ጠየቋት።

«የራሴ ነዋ! ምነው፣ እኔ ሴት አይደለሁም?» አለቻቸው።

ከፊሎቹ ሳቁ። ከፊሎቹ ደግሞ የልጅ ነገር አእምሮዋን ነካው ብለው ከንፈራቸውን መጠጡላት። ተናኘ ሁሉንም ችላ ስፌቷን ቀጠለች። ውሸቱን የምትዋሸው ለሌላ ሰው ብላ ነበር።

ያ ሌላ ሰው ገዲሴ ናት፤ ከአጥሩ ማዶ ያለችው የገበሬው የደገፋ ሚስት። ገዲሴ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱንም ቀብራለች። አንዱም አርባ ቀኑን አልሞላም። ለሦስተኛው ሳይወለድ ልብስ አሰፍታለት ስለነበር፣ ሰዉ ሁሉ ጥፋቱን እዚያ ላይ ጣለው። ልብሱ ቀድሞ ከተሰናዳ ሞት ሰምቶ ይመጣል ይባላላ! እንዲህ ብሎ ሐዘንተኛን መውቀስ ለአፍ ይቀላል፤ ገዲሴ ግን አመነችው።

በአራተኛው እርግዝና ደገፋ ሚስቱን ከተማ ሆስፒታል ወሰዳት። ነርሷ ምጥ ሲመጣ ይዛ የምትመጣውን ነገረቻት፦ ሁለት መታቀፊያ፣ የልጅ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ጥጥ፣ ሳሙና። «ዛሬ ያወጣሽውን ካርድ ደግሞ አደራ፣ ያለ ካርድ እንዳትመጪ!» አለቻት። ገዲሴ ቤቷ ስትገባ እያለቀሰች ነበር። ብታሰናዳ ሞትን ፈራች፤ ባታሰናዳ ነርሷን ፈራች።

መላ የዘየደችው ተናኘ ናት። «እኔ ቤት እናሰናዳው። ሞት ሰምቶ ቢመጣም የሚያንኳኳው የኔን በር ነው። እኔ ደግሞ የምሰጠው የለኝም!»

ገዲሴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። «እንግዲያ ልጁ ያንቺ ነው በይ፣ እትዬ።»

«አፌን ሞልቼ ነው የምለው!»

አፏን ሞልታም አለችው። አቡጄዲውን ቆርጣ፣ ቀምቅማ፣ አጥባ፣ አጣጥፋ ዘንቢል ውስጥ ከተተችው። ካርዱንም «እናንተ ቤት አይጥ ይበላዋል» ብላ ከገዲሴ ተቀብላ ከመታቀፊያዎቹ መሃል አስቀመጠችው። ከቤት ስትወጣ በሩን ትቆልፍና ቁልፉን መቀነቷ ላይ ትቋጥራለች። ሲመሽ ደግሞ ልብሶቹን አንድ በአንድ ታወጣና እንደገና ታጣጥፋለች። ምንም የሚታጠፍ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ደስ ስለሚላት ነው። አንዳንዴ ውሸቱን ራሷም ታምነው ነበር። ካመነች በኋላ ደግሞ ታፍራለች።

ጥቅምት ሲጠባ የቀረው ኮፍያው ብቻ ሆነ። ገዲሴ ገና ሁለት ሳምንት ይቀራታል ተብሎ ስለነበር ተናኘ በጠዋት ተነስታ መርካቶ ወረደች። ነጭ የሱፍ ኮፍያ በስንት ክርክር ገዝታ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ደረሰች። እዚያ ቆማ ስታስበው ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል። አውቶቡሱ ሲመጣ እያየችው ተመለሰችና በቢጫ አስቀየረችው። ቀጣዩ አውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ መጣ።

ላፍቶ ስትደርስ ዐሥር ሰዓት ሆኗል። ገዲሴ በተናኘ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን በሩ ላይ ደግፋ ነበር። «ያ ማራም፣ ያ ማራም» እያለች በኦሮምኛ ማርያምን ትጠራለች፤ ድምጿ ግን አልቋል። ደገፋ መጥረቢያ ይዞ አጠገቧ ቆሟል፤ ያለቅሳል።

ምጡ የጀመራት ተናኘ መንገድ እንደገባች ነበር። ደገፋ በሩን ልስበር ብሎ ሦስት ጊዜ ተነስቷል፤ ሦስቴም እግሩን ይዛ ከልክላዋለች። ሞት ይሰማል ብላ፣ በር ተሰብሮ በወጣ ልብስ ልጇ እንዲታቀፍ አልፈለገችም። ዝም ብለን እንሂድ ሲላት ደግሞ ያለ ካርድ በር ላይ ይመልሱናል አለች። «እትዬ አሁን ትመጣለች» እያለች ስምንት ሰዓት ሙሉ እዚያ ተቀመጠች።

ተናኘ ቁልፉን ከመቀነቷ መፍታት አቃታት። ደገፋ ነው በቢላ የቆረጠላት። ገዲሴን በጋሪ ዋናው መንገድ አደረሷት፣ ከዚያ በታክሲ። ታክሲው ውስጥ ጭንቅላቷ በተናኘ ጭን ላይ ነበር። ተናኘ «ማርያም ትፍታሽ፣ ማርያም ትፍታሽ» ከማለት በቀር ያ ሁሉ አፏ ምንም አልወጣውም።

«ኮፍያ አገኘሽ?» አለቻት ገዲሴ።

«አገኘሁ።»

«ምን ዓይነት?»

«ቢጫ።»

«ጥሩ ነው» አለች ገዲሴ።

ሕፃኗ ተረፈች። እናቷ ደሟ አልቆም ብሎ በዚያው ሌሊት አረፈች። ሐኪሙ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ ብሎ ጀመረና የደገፋን ፊት ሲያይ አልጨረሰውም። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? የፈሩት ለልጅቷ ነበር፤ የደረሰው ለእናቷ ሆነ።

ደገፋ ከአርባው በኋላ ልጅቷን አምጥቶ ተናኘ ጭን ላይ አስቀመጣት። ስሟን ደራርቱ አላት። ከራሱ ላም በየጠዋቱ ወተት ያመጣ ነበር፤ በኋላ ሌላ ሚስት ሲያገባም ወተቱን አላቋረጠም። ደራርቱ አፏን የፈታችው ተናኘን «እማ» ብላ ነው። በዚያ ቀን ተናኘ ጓሮ ገብታ አለቀሰች። ዕድሜ ልኳን የተመኘችውን ስም ስትሰማው የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማት።

ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሞላት የፈንጣጣ ክትባት ልታስከትባት ከተማ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ክንዷን የወጋቻት ነርስ ደህና ሴት ስለመሰለቻት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከነክናት የኖረውን ጠየቀቻት።

«እመት፣ ምጥ የያዛት ሴት ካርድ ሳትይዝ ብትመጣ ሆስፒታል ይመልሷታል?»

ነርሷ መርፌዋን እየጠረገች ነበር። «ምጥ ላይ ያለችን ሴት ካርድ ማን ይጠይቃታል? ያስገቧታል እንጂ! እንዳትረሱት ብለን ነው የምናስፈራራችሁ።» ከዚያም ቀጣዩን ልጅ ጠራች።

ተናኘ ያን ቀን ልጅቷን አዝላ ላፍቶ ድረስ በእግሯ ነው የሄደችው። በማግስቱ ደገፋ ወተቱን ይዞ ሲመጣ ሊነግራት እንደሚወደው ያቺን ነገር አነሳ። በዓመት በዓመቱ፣ በተለይ ጥቅምት ሲመጣ ያነሳታል። መጥረቢያ ይዞ መቆሙን እሱም ከልቡ ሊያወጣው አልቻለም፤ መጽናኛው ይቺ ነገር ብቻ ናት።

«ያኔ ብንሄድም ኖሮ ያለ ካርድ አያስገቡንም ነበር፣ እትዬ። አንቺን መጠበቃችን ደግ ነው። ባትደርሺልን ይቺም አትተርፍም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»

ተናኘ ወተቱን ተቀበለችው። «እውነትህን ነው፣ ደገፋ፣ አያስገቡም ነበር» አለችው።