ፍቅሩን ስትጨርሺ ታሪኩን

ዛሬ ጠዋት ከገበያ ስመለስ አንዲት ወጣት የሱቋ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ስትለጥፍ አገኘኋት። ሙጫ የላትም መሰለኝ፣ ዱቄት በውሃ አፍልታ በጣቷ እየዛቀች ትቀባለች። ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። የገዛሁት ዓሣ በፌስታል ውስጥ ይንጠባጠባል፣ ፀሐዩ አናቴን ይጠብሰዋል፣ እኔ ግን እንደ ሞኝ ግድግዳ አሸታለሁ። ልጅቷ ዞር ብላ “እትዬ፣ ምን ልታዘዝ?” አለችኝ። እትዬ! እኔም እትዬ ሆንኩላችሁ።

እኔ እትዬ ብዬ የምጠራት ሴት ከደጋ የመጣች ነበረች። ባሏ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነው፤ እሷ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችንን ንባብ ቤት ትጠብቃለች። ንባብ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ መደርደሪያ፣ በቃ። ማንጎ ሲበስል ጣሪያው ላይ ዷ እያለ ሲወድቅ ልባችን ይቆም ነበር። መጽሐፎቹ ከየት መጡ ብትሉ፣ ወደ ደጋ የሚዛወር ሠራተኛ አልጋውን ይሸጥና መጽሐፉን ለእሷ ጥሎላት ይሄዳል። ያን ሁሉ መንገድ ማን ይሸከመዋል?

የጋምቤላ ሙቀት ደግሞ ለመጽሐፍ አይራራም። የማተሚያ ቤቱን ሙጫ ያቀልጠዋል፣ ገጹ አንድ በአንድ ይረግፋል፣ የተረፈውን ምስጥ ይጨርሰዋል። እሷ ግን እጅ አትሰጥም። የረገፈውን ሰብስባ በወስፌ ትበሳዋለች፣ በከረጢት ክር ትሰፋዋለች፣ ከሲሚንቶ ወረቀት ሽፋን ቆርጣ በዱቄት ሙጫ ትለጥፍለታለች። ምስጥ እንዳይደፍረው ብላ ሙጫው ውስጥ መራራ የኒም ዛፍ ቅጠል ወቅጣ ትጨምራለች። እኔ ደግሞ ገጽ ስገልጥ ጣቴን የመላስ አመል አለብኝ። ያን ሁሉ ፍቅር ያነበብኩት ምላሴ እየመረረኝ ነው።

አማርኛ የእናቴ ቋንቋ አይደለም። እኛ ቤት የሚነገረው አኙዋክኛ ነው። አማርኛን የለቃቀምኩት ከገበያና ከትምህርት ቤት ስለሆነ፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም “አንተ” ነበር የምለው። “እርስዎ” ማለትን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ተምሬም ማንንም እርስዎ አላልኩም፤ እሷን ብቻ።

መጽሐፍ አሰጣጧ የራሷ ነው። ማንም ተነሥቶ ከመደርደሪያ አያነሳም። አጠገቧ አስቀምጣ “ምነው ዛሬ? ከማን ተጣላሽ?” ትለኛለች። አውርተን አውርተን ሲበቃት ነው እጇን ወደ መደርደሪያው የምትሰደው። ደግሞ ሕግ አላት። የድሮ መሳፍንትና መኳንንት የፍቅር ልብ ወለድ ከሰጠችኝ፣ ከዚያ ቀጥሎ የዚያኑ ዘመን የታሪክ መጽሐፍ የግድ ማንበብ አለብኝ።

“ፍቅሩን ስትጨርሺ ታሪኩን ትወስጃለሽ። አለዚያ ሌላ ፍቅር የለም።”

“እትዬ፣ ታሪኩ ይደብራል እኮ።”

“ይደብርሽ! ደራሲው የቱ ጋ እንደዋሸሽ ማወቅ አለብሽ።”

እዩልኝ እንግዲህ። ይህን ያለችኝ እሷ ናት።

መጽሐፉን ስመልስ ትፈትነኛለች። ንግሥቲቱ በእውነት ነበረች ወይስ የደራሲው ፈጠራ ናት? ጦርነቱስ? ያ በቅሎ ላይ የተሰጠው ቃል ኪዳንስ? ሳውቅ “አበጀሽ” ትላለች፤ ስሳሳት ሳቋን ለቃ ትከሻዬን ትመታኛለች። እናቴ ከሞተች በኋላ እንደዚያ አጠገቧ አስቀምጣ ያወራችኝ ሌላ ሰው አልነበረም። እወዳት ነበር፣ ምን ላሳጥርላችሁ።

አንድ ቀን አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ሰጠችኝ። አንድ መስፍን አለ፤ ስሙን አልነግራችሁም፤ ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ። ይህ መስፍን የሸማኔ ልጅ ይወዳል። ዘመዶቹ ይነሱበታል፣ ርስቱን ይነጥቁታል፣ እሱ ግን ፍንክች አይልም። ሲናገር የሚያስለቅስ፣ ሲቆጣ የሚያምር፣ ወይ ጉድ! እኔ ባገሬ ከእሱ ሌላ ወንድ አልቆጠርኩም። የሸማኔውን ልጅማ በቅናት ጠላኋት።

ታላቅ እህቴ ያኔ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ስላላት፣ ከሰዓት በኋላ ባሮ ዳር ወርደን ውሃ ውስጥ ነክራው ትቀመጣለች። ስለ አዞ የሚያስብ ማን ነበር! የረጠበ ጭቃና የዓሣ ሽታ አለ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ማዶ ተሰልፈው ቆመዋል፣ ብርሃኑ ውሃው ላይ ዓይን ያጭበረብራል። እኔ አማርኛውን እያየሁ በአኙዋክኛ አወራላታለሁ።

“እና አገኛት?” ትለኛለች።

“እሱን ነገ።”

“ዛሬ ንገሪኝ! ነገ ብወልድስ?”

መጽሐፉን ስጨርስ እንደ ሕጉ ታሪኩን ጠየቅኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እትዬ “ይቆይ፣ እየጠገንኩት ነው” አለችኝ። ቆይቶ ቆይቶ ሰጠችኝ። መስፍኑ በእውነት የነበረ ሰው ሆኖ አገኘሁት፣ ደስታዬን አትጠይቁኝ። የት እንደተወለደ፣ የትኛውን ደብር እንዳሠራ ይላል። ከዚያ የገጹ ቁጥር ዘለለ፣ ብዙ ዘለለና አሟሟቱ ላይ ደረሰ።

“እትዬ፣ መሃሉ የለም።”

“ምስጥ በልቶት ነው፣ የኔ ልጅ።”

አመንኳት። እዚህ አገር ምስጥ ያልበላው ምን አለ? የጎረቤታችንን በር እንኳ ቀለሙን ብቻ ትቶ ጨርሶት ነበር።

እህቴ ወንድ ወለደች። ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ የመስፍኑን ስም። “እንደዚያ ሰው የሚወድ፣ እንደዚያ ሰው የማይታጠፍ እንዲሆን” ብዬ ለመንኳት፤ እሷም ታሪኩን ሰምታ ሰምታ ልቧ ወዶት ስለነበር እሺ አለችኝ። ሕፃኑ የሚባረክበት ቀን ፓስተሩ መጣ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ እትዬም መጣች። ምን ይዛ? የሱፍ ኮፍያ! በዚያ ሙቀት! ሁላችንም ሳቅን፣ እሷም ሳቀች። ፓስተሩ ስሙን ሲጠይቅ እህቴ ጮክ ብላ ተናገረች። አባቴ “ማን?” አለ። ደገመችለት። “ማን?” አለ እንደገና። ጆሮው ደከም ያለ መሰለኝ። ሦስተኛ አልጠየቀም፤ ተነሥቶ ወደ ወንዙ ወረደ። እትዬ አቀርቅራ የሕፃኑን ጨርቅ ታስተካክል ነበር። ስሜት ውስጥ የገባች መሰለኝ። አሜን ሲባል አሜን አለች፣ ዓሣውን በላች፣ ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

ያ ሕፃን ዛሬ አየር ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ የሚያወርድ ጎረምሳ ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳ ሰው ልቀበል ሄጄ አለቃው በዚያ ስም ሲጠራው ሰማሁ።

ስሙ ከወጣ ሁለት ዓመት አለፈና ኮሌጅ ገባሁ። የኮሌጁ መጻሕፍት ቤት ውስጥ ያንኑ የታሪክ መጽሐፍ አየሁት፣ ያልተሰፋ፣ ያልተጠገነ፣ ሙሉ። እንደ ድሮ ወዳጅ አቅፌ አወረድኩት። ያ የጎደለው ምዕራፍ እዚያ ነበር። ቆሜ አነበብኩት። መስፍኑ ርስቱን ሲያጣ ወደ ቆላ ወረደ ይላል። የወረደው ወደ እኛ ነው፤ ባሮን ተከትሎ። መንደር አቃጠለ፣ ሰው አስሮ ወደ ደጋ ነዳ፣ ሸጠ። የመንደሮቹን ስም ሳይቀር ይዘረዝራል። አንዱ የአባቴ መንደር ነው። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጃችን ላይ ያወጣሁት ስም የማንን ነው? አምላኬ፣ የማንን ስም ነው በየቀኑ እየጠራሁ የምስመው?

መጽሐፉን ተውሼ ቀጥታ ወደ ንባብ ቤቱ ሄድኩ። እሷ ተቀምጣ ትሰፋለች።

“ምስጥ ነው ያልሽኝ” አልኳት። እርስዎ ማለቱ ከአፌ ጠፋ።

መጽሐፉን አየችና አወቀችው። ወስፌዋን አስቀምጣ ተነሣች፣ ከሣጥኗ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ገጾቹ ነበሩ። አንዱንም ምስጥ አልነካውም።

“አልጣልኳቸውም” አለችኝ። “ስታድጊ ልሰጥሽ ነበር። ንባቡን እንዳትጠዪው ፈራሁ። እኛንም እንዳትጠዪን።”

“ስሙ ሲወጣ እዚያ ነበርሽ።”

የገጾቹን ጠርዝ በመዳፏ አስተካከለች።

“ኮፍያ ይዘሽ መጥተሽ፣ ዓሣችንን በልተሽ፣ አሜን ብለሽ ሄድሽ! ጆሮዬ ላይ አንድ ቃል ብትዪኝ ምን ነበረበት?”

“ከእህትሽ አፍ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ሰዉ ሁሉ እልል እያለ ምን ልበል?”

“ከዚያስ በኋላ? ሁለት ዓመት ሙሉ?”

“በመጣሽ ቁጥር ልነግርሽ ነበር” አለችና እንባዋ መጣ። እንባዋ ጭራሽ አናደደኝ። መስፍኑስ አያውቀኝም፣ ሞቶ የተቀበረ ሰው ነው። እሷ ግን ታውቀኝ ነበር፤ ስበላም ስተኛም ምን እንደማስብ ታውቅ ነበር። ገጾቹን ዘረጋችልኝ፣ አልተቀበልኳትም። “ከደራሲው ይልቅ የዋሸሽኝ አንቺ ነሽ” ብያት ወጣሁ።

ቤት ስደርስ አባቴ የኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የዓሣ መረቡን ይጠግናል። “አባ፣ የልጁን ስም እንቀይር” አልኩት። “ለምን?” አለኝ። እያለቀስኩ ነገርኩት። እጁ ከመረቡ ላይ አልተነሣም።

“አውቃለሁ” አለኝ። “ልጆች ሆነን አናርፍ ስንል እናቴ የምታስፈራራን በዚያ ስም ነው። መጣላችሁ ስትል ምንጣፍ ውስጥ እንገባለን። የእናቴን እህት የወሰዷት የሱ ሰዎች ናቸው። አልተመለሰችም።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልክ?”

“ደስ ብሎሽ ነበር።”

በቃ! እሱም! የሚወዱኝ ሰዎች ሁሉ ለእኔ ሲሉ ዝም ብለው፣ እኔ ብቻዬን እልል ስል ከርሜያለሁ። ልጮህበት አፌን ስከፍት እጁን አነሣና አስቆመኝ።

“ስሚ። መጀመሪያ ሰሞን ስሙን መጥራት አቅቶኝ ነበር። ‘አንተ ልጅ’ ነበር የምለው። አንድ ቀን ውሃ ጠማኝ፣ ቤት ሰው የለም፣ ሳላስበው በስሙ ጠራሁት። እየሮጠ መጣ።” አባቴ ፈገግ አለ፤ የቀሩት ጥርሶቹ ጥቂት ናቸው። “ያ ስም፣ እኔ ጠርቼው፣ እየሮጠ! እናቴ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር? ስሙን እንዳትነኩብኝ። ለእህትሽ እኔው እነግራታለሁ።”

ከዚያ ወደ ቤቱ ዞሮ ያንን ስም በሙሉ ድምፁ ጠራ። “ና! ውሃ አምጣልኝ!”

ልጁ የላስቲክ ኩባያ በሁለት እጁ ይዞ፣ ሆዱ ላይ እያፈሰሰ፣ ዱብ ዱብ እያለ መጣ። አባቴ የተረፈችውን ጉንጭ ጠጣ። “ጫማዬንስ?” አለው። ጫማውን አመጣ። “ዱላዬንስ?” ዱላውን እየጎተተ አመጣ። “ጎበዝ” አለና ራሱን ዳበሰው። እኔ ሳቄ መጣ፣ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ከዚያ የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ልጁን ሲያዘው ኖረ፤ በመጨረሻም ቀና አድርጎ ውሃ ያጠጣው የነበረው እሱ ነው።

ያን ቀን ግን ዓይኔን ጠርጌ ተነሣሁ። ምን ዓይነት ታሪክ ሰማሁ! ቶሎ ቶሎ እየተራመድኩ፣ ከየት ጀምሬ እንደማወራው እያሰብኩ፣ የአባቴን ድምፅ እንዴት እንደማስመስለው እየተለማመድኩ ሄድኩ። እትዬ ሰምታ ምን እንደምትል፣ ከዚህ ቀጥሎ ምን አንብቢ እንደምትለኝ ለማወቅ ቸኩያለሁ። የንባብ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ነው የተጣላን መሆናችን ትዝ ያለኝ።

ቆምኩ። ውስጥ መቀሷ ወረቀት ሲቆርጥ ይሰማኛል። ትንሽ ቆሜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ክረምቱ ሳይገባ ባሏ ወደ ደጋ ተዛወረ፣ እሷም አብራው ሄደች፤ የአባቴን ነገር ሳልነግራት ቀረሁ።