በእሳቱ ሰ ወይስ በንጉሡ ሠ

ትኬት ቆራጯን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት «ጡሩምባ» እያለ ነው። አውቶቡሱ ገና መታጠፊያው ጋ ሳለ የሷ ድምፅ ቀድሞ ፌርማታው ይደርሳል። «በሩ ላይ የቆማችሁ ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ፤ በር ጠባቂ አልቀጠርንም» ትላለች። ተሳፋሪው ይስቃል፤ ይጠጋልም።

ቤት ስትገባ ግን ይህ አፏ አንድ ቀን እንኳ ተመስግኖ አያውቅም። እናቷ የሞተችባት ገና ጡት ሳትጥል ስለሆነ ያሳደገቻት አክስቷ ናት። አክስትየዋ በተቆጣች ቁጥር የማትለውጣት ንግግር አለቻት፦ «እናትሽ እኮ ምላስ ያላት የማትመስል ዝምተኛ ነበረች። አንቺ ከማን ወጣሽ?» ትኬት ቆራጯ ይህን እየሰማች አርባ ዓመት ሊሞላት ነው። ሰው ፊት ትስቅበታለች፤ ብቻዋን ስትሆን ግን ያንገበግባታል። የእናቷ ፎቶ የላት፣ የእናቷ ቀሚስ የላት። የቀረላት ነገር ቢኖር ይህችው «ዝምተኛ ነበረች» ናት፤ እሷም ብትሆን አልገጠመቻትም።

አንድ ጠዋት ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ወረቀት ተለጥፎ አየች። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ድሮ ከሰፈሩ ሰዎች አፍ በካሴት የቀዳውን ታሪክ ማንም መጥቶ እንዲሰማ ይጋብዛል። ድሮ፣ ጨዋታ ጨዋታን ሲያነሣው፣ አክስቷ «ቴፕ ያንጠለጠለ ሰውዬ መጥቶ እናትሽን ሳሙና ፋብሪካው በር ላይ ሲያስወራት ዋለ» ብላት ነበር። አሁን ነገሩ ትዝ አላት። ዝምተኛም ብትሆን ድምፅዋን ልስማው አለች።

በእረፍት ቀኗ ሄደች። የካሴቶቹ ዝርዝር ገና ኮምፒውተር ውስጥ አልገባም፤ በፊደል ተራ በተደረደሩ ትንንሽ መሳቢያዎች ውስጥ ካርድ ካርድ ሆኖ ተቀምጧል። ወጣቷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በእናትየዋ ስም ፈለገች፤ የለም። «ሳሙና» ብላ ፈለገች፤ የለም። «ፋብሪካ»ም የለም። «ሰራተኛ» ብላም አገላበጠች፤ አንድም ካርድ አላገኘችም።

«ይቅርታ እህቴ፣ ያለ አይመስለኝም» አለቻት።

መስኮቱ ጥግ ጋዜጣ የሚያነቡ ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ካርዶቹን በእጃቸው የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ደመወዙ ቀረ እንጂ መምጣቱ አልቀረም። ጋዜጣውን ዝቅ አድርገው «በየትኛው ሰ ነው የፈለጋችሁት?» አሉ።

«ሰ ደግሞ ስንት ነው?» አለች ትኬት ቆራጯ።

«እሳቱ ሰ አለ፤ ንጉሡ ሠ አለ። ሥራ የሚጻፈው በንጉሡ ነው። ሠራተኛን በእሳቱ የሚጽፈው ምን አድርጎት ነው የሚያቃጥለው?»

«ጋሼ፣ እኔ የማውቀው የአውቶቡስ ቁጥር ነው። መሳቢያው የትኛው ነው?»

ወጣቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጎንበስ አለች። የንጉሡ ሠ መሳቢያ ከሁሉም ታች ነበር፤ ስንት ዘመን የነካው ሰው ስለሌለ በሁለት እጅ ተጎትቶ ወጣ። ካርዱም ተገኘ፦ «ሠራተኛ፣ የሳሙና ፋብሪካ፣ ሴት። ስሟን አልሰጠችም።»

ካሴቱን ከፈቱት። ጥቂት ሲንሿሿ ቆየና የሴት ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ስሜን ምን ያደርግልሃል? ሠራተኛ ብለህ ጻፍ፣ ይበቃል። የሰፈሩን ቧንቧ ባለፋብሪካው ከደግነቱ አስገባው ይሉሃል አይደል? ውሸት ነው። ቀኑን ሙሉ ሳሙና ስንሠራ ውለን የምንታጠብበት ውሃ አጣን። በሩ ላይ ተቀመጥን፤ ሥራ አንገባም አልን። እኔማ ጮህኩበት። ሆዴ ውስጥ ያለችው፣ በአመሏ ሴት ሳትሆን አትቀርም፣ ስትራገጥብኝ ‹አንቺ ደግሞ ቆይ፣ ተራሽ ይደርሳል› አልኳት።»

ይኼኔ ጥበቃው በሩን ገፋ አድርጎ ወደ ትኬት ቆራጯ ተመለከተና «እህቴ፣ ቀስ ብለሽ አውሪ፤ ሰው እያነበበ ነው» አላት። እሷ ግን አፏን አልከፈተችም ነበር።

ሽማግሌውና ወጣቷ ተያዩ። ትኬት ቆራጯ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እሷ አትሆንም» አለች። «የኔ እናት ዝምተኛ ነበረች።» እንዲህ ትበል እንጂ፣ እሷ በሆነች እያለች ስትመኝ ነው ያደረችው።

በማግስቱ አክስቷን ደግፋ አመጣቻት። ካሴቱ ላይ ያለችው ሴት «ስሜን ምን ያደርግልሃል» ስትል አክስትየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«እቴቴ፣ እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ዝምተኛ ነበረች አላልሽኝም?»

«ምን ላድርግ ልጄ። ይህን በተናገረች በሳምንቱ ከሥራ አባረሯት። ስሟን ብትደብቅስ ያንን ድምፅ ማን ይስተዋል? አንቺ አፍ ስትፈቺ የሷኑ ድምፅ ሰማሁና ፈራሁ። እሷን ዝም ማሰኘት አልቻልኩም፤ አንቺን ልሞክር ብዬ ነው።»

ትኬት ቆራጯ ልትቆጣ ቃጣት፤ ቁጣው ግን እምቢ አላት። የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው ስትሸማቀቅበት የኖረችው ድምፅ ለካ ውርሷ ኖሯል። ደስ አላት፤ ደስታው እስኪያስለቅሳት ድረስ ደስ አላት።

አክስትየዋ ዓይኗን ጠረገችና ወደ ወጣቷ ዞረች።

«እስቲ ከመጀመሪያው መልሺልኝ» አለቻት። «ድምፁንም ጨምሪው፤ እህቴ ቀስ ብላ ተናግራ አታውቅም።»