ቡርሀን አቻ

ባሕር ዳር ውስጥ ቼዝ የሚጫወት ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ቡርሀን አቻ» በሚለው ስም ነው። እንዴት አይሉት! ያሸነፈውን ጨዋታ፣ የተጋጣሚው ንጉሥ መሄጃ አጥቶ ጥግ ሲያዝ፣ ድንገት ፊቱ ዐመድ ይመስልና እጁን ዘርግቶ «አቻ እንውጣ» ይላል። ተሸናፊው ጆሮውን ማመን እያቃተው ላፍ አድርጎ ይጨብጠዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው! ከእሱ በታች የነበሩት ብሔራዊ ቡድን ገብተው ውጭ አገር ሲጫወቱ፣ እሱ ዓባይ ማዶ ባለች ሱቁ የስልክ ባትሪ እየሸጠ ቀረ። «ፈሪ ነው» ይሉታል። ኧረ ምን ፈሪ! እሱ የሚያየውን ቢያዩ እነሱ ከወንበራቸው ይወድቁ ነበር።

ሊያሸንፍ ሲል ከጠረጴዛው ሥር ውኃ ጠብ፣ ጠብ ሲል ይሰማዋል። ቀና ቢል ከፊቱ የተቀመጠው ተጋጣሚው አይደለም። ታላቅ ወንድሙ ኢብራሂም ነው፤ ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቆ፣ ከጸጉሩ ውኃ እየወረደ። ቡርሀንም ዐይኑን ሰብሮ «አቻ» ይላል፤ ያኔ ወንድሙ ይሄዳል።

ቼዝ ያስተማረው ይኸው ኢብራሂም ነበር። ጠጠሮቹን ከእንጨት ጠርቦ ሠራለት፤ ገና ፈረስና ወታደር ሳይለይ ጀምሮም «ግራንድማስተሬ» እያለ ይጠራው ነበር። ቤተሰቡ ጣና ዳር የደንገል ታንኳ እየሠራ፣ ዓሣ እያጠመደ ነው የሚኖረው። ደንገል ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ታንኳዋን ማታ ከሐይቁ ጎትተው፣ አቁመው ካላደረቋት ጠዋት ከብዳ ትገኛለች፤ ማዕበል ሲመጣም አትችልም። እሷን አውጥቶ ማቆም የቡርሀን ሥራ ነበር። የከተማው ሻምፒዮና ፍጻሜ ዋዜማ ላይ ግን ሰሌዳው ላይ እንዳቀረቀረ ረሳት። በማግስቱ እሱ ሲጫወት ኢብራሂም መረብ ሊያነሣ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ቡርሀን ዋንጫውን ታቅፎ እየሮጠ ሲመጣ እናቱ ሐቢባ ሐይቁ ዳር ሲጮኹ ደረሰ። ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው ያን ቀን ነው።

የታንኳዋን ነገር ለማንም አልተናገረም። አባቱም ሳይሰሙ ሞቱ።

ዘንድሮ የብሔራዊ ቡድን ማጣሪያ ባሕር ዳር ላይ ተደረገ። ቡርሀን አርባ ሊሞላው ነው፤ ካሁን ወዲያ ማን ይጠራዋል? ሌሎቹ እርስ በርስ ሲጠላለፉ፣ እሱ በአቻ ብቻ ነጥብ እየለቀመ እስከ መጨረሻው ዙር ደረሰ። የቀረው ከአዲስ አበባ የመጣው ክንዱ ብቻ ነበር፤ እሱን ማሸነፍ አለበት፣ አቻ አይበቃውም። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዞ እናቱ ዘንድ ሄደ። ደጃፍ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ።

«እማዬ፣ ነገ አልጫወትም።»

«ምን ሆነህ ደግሞ?»

«ያችን ታንኳ ውኃ ውስጥ ያሳደርኋት እኔ ነኝ። ኢብራሂምን የገደልሁት እኔ ነኝ!» እንባው ቀደመው።

እናቱ መረቡን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ይችን ለመናገር ነው እንዲህ የሸበትኸው? አውቃለሁ እኮ ልጄ። እሱም ያውቅ ነበር።»

ቡርሀን እንባውን ጠርጎ ቀና አለ።

«ታንኳዋን መግፋት አቅቶት ሲታገል አይቼ፣ ‹ተው፣ ዛሬ ትድረቅ› አልሁት። ‹ዝም በይ እማዬ፣ አባባ ከሰማ ይቆጣውና ጨዋታው ይቀርበታል። ግራንድማስተሬ ዛሬ ያሸንፍ፣ እኔ ቶሎ እመለሳለሁ› ብሎኝ ሄደ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስሙ ሲነሣ መች ትቀመጣለህ? ብድግ ብለህ ትወጣለህ። እኔስ ብሆን እጁን ይዤ ባስቀረው ኖሮ እያልሁ ስነድድ አይደል የኖርሁት!» መረቡን መልሰው አነሡ።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የክንዱ ንጉሥ ጥግ ሲያዝ ውኃው ጠብ ማለት ጀመረ። የቡርሀን እጅ እንደ ልማዱ ለአቻ ተነሣ፤ ከኋላ አንዱ «ይኸው፣ ጀመረው!» ብሎ ሳቀ።

ቡርሀን ግን ዛሬ ዐይኑን አልሰበረም፤ ወንድሙን ቀጥ ብሎ አየው። ኢብራሂም እሱን አልነበረም የሚያየው። የሚያየው ሰሌዳውን ነው። ድሮ ቤት ውስጥ ሲጫወቱ እንደሚያደርገው ከንፈሩን ነክሶ፣ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ያን ቀን ሳያየው የቀረውን ማሸነፍ ሊያይ ነበር ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ የሚመላለሰው! ቡርሀን እየመለሰው ኖሯል።

ፈረሱን አንሥቶ አስቀመጠ። «ማት» አለ።

የተዘረጋለትን እጅ ጨበጠ። ደረቅ፣ ሞቃት የክንዱ እጅ ነበር።

ቡርሀን አሁን ብሔራዊ ቡድን ገብቷል፤ «አቻ» የሚለውም የለም። ሊያሸንፍ ሲል ግን እጁን ይሰበስብና ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰዓቱ ይሮጣል፤ ሰው «ምን እያሰላ ነው?» ይላል። ምንም አያሰላም፤ ጆሮውን ጥሎ ነው። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር ያያል። ወለሉ ደረቅ ነው። ወንድሙ ገና ዛሬ የሞተበት ያህል ሆዱ ይባባል፤ ከዚያ ቀና ይልና ተጫውቶ ያሸንፋል።