ነጠላ የለበሰው ቴሌቪዥን

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ገበያ ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ፣ ከጀርባዬ ካለች ቁርስ ቤት የአኮርዲዮን ድምፅ ወጥቶ ጆሮዬን ያዘኝ፤ ረዳቱ «እህት፣ ትገቢያለሽ?» እስኪለኝ ድረስ ሽሮ ሜዳ፣ በልጅነት ቤታችን ውስጥ ነበርኩ።

ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች፤ ግማሹን የአባዬ የሽመና ዕቃ ይዞት፣ በተረፈው እኛና ቴሌቪዥኑ ተጠጋግተን እንኖር ነበር። አባዬ ወሬ አያበዛም፣ ሕግ ግን ያወጣል። እማዬ አጠገቡ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ውላ፣ ከእንዝርቷ ቀና የምትለው አሥር ሰዓት ላይ፣ ጣሊያን አገር እየዞረች ምግብ የምታበስለው ሴትዮ በዲሽ ስትመጣ ነበር። ቋንቋውን ማናችንም አንሰማም፤ እማዬ የምትወደው ዘፈኑን ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ከእንጦጦ ሲወርድና ዲሹ ሲጠፋ፣ ዘፈኑን ራሷ እያንጎራጎረች ትጨርሰው ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ነገር መጣ። አባዬ፣ አይብ ሲቀልጥና ሥጋ ሲጠበስ ማየት ጾምን በዓይን መግደፍ ነው ብሎ፣ ቴሌቪዥኑ እስከ ፋሲካ እንዲዘጋ ፈረደ። እማዬ ጥቂት ቀናት ቆይታ፣ ከሳጥኗ ነጠላ አውጥታ ቴሌቪዥኑን አለበሰችውና ከፈተችው።

«ይኸው፣ ዓይናችን ይጹም» አለች።

«ጆሮም ይጾማል» አላት።

«ጆሮ የሚጾመው ከክፉ ወሬ ነው። ይሄ ምኑ ነው ክፉ?»

አባዬ የሽመናውን መወርወሪያ አስቀመጠ። «እሺ፤ ግን ይህን ነጠላ የገለጠ ሰው ካለ ቴሌቪዥኑን እሸጠዋለሁ» አለ፣ ወደ እኔ እያየ።

በዚያ ሰሞን ጣቢያው ከፕሮግራሙ አንዱን ክፍል እየደጋገመ ያሳይ ስለነበር፣ አንድ አዲስ የአኮርዲዮን ዘፈን ለመድን፤ ቀስ ብሎ የሚጀምርና ወደ መጨረሻው የሚሮጥ፣ እማዬ እንዝርቷን አቁማ የምታደምጠው። በዚህ ዘፈን ምን እየተሠራ ይሆን? አንድ ቀን በውስጡ እንቁላል የተሞላ ሙሉ በግ ነው እላለሁ፣ በማግስቱ ፎቅ የሚያህል የሠርግ ኬክ። እማዬ በሳቅ ክሯ ይበጠስባት ነበር፤ አባዬም መወርወሪያውን ይዞ፣ «ይሄ ሠርግ አያልቅም እንዴ?» ይለኝ ነበር። እጄ ነጠላው ጫፍ ድረስ እየሄደ ይመለሳል፤ ከገለጥኩት የእማዬ ዘፈን አብሮ እንደሚሸጥ አውቅ ነበር።

አንድ ቀን ከእማዬ ጋር ጥጥ ገዝተን ስንመለስ፣ አባዬን ጭንቅላቱን ነጠላው ሥር አስገብቶ አገኘነው።

«አንተ ሰው! ገዢ ልፈልግ?» አለች እማዬ።

ቀስ ብሎ ወጣ። «ጥለቱን እያየሁ ነው። የሠራሁት እኔ አይደለሁ?»

እማዬ በሳቅ ጥጡን ለቀቀችው። አባዬ ምን እንዳየ ግን ብለምነው ብለምነው አልነገረኝም። ፋሲካ ደርሶ ነጠላው ሲነሣ ፕሮግራሙ አልቆ፣ በቦታው የእግር ኳስ ወሬ ገብቶ ነበር፤ ዶሮ ወጡ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የዘፈኑን ስም ከቁርስ ቤቷ አስተናጋጅ ተቀብዬ በስልኬ ስፈልገው፣ ያንኑ ክፍል አገኘሁት። ሴትዮዋ ነጭ ሽንኩርት ከተፈች፣ በዘይት አቁላላች፣ ቲማቲም ጨመረችና ፓስታ ላይ ገለበጠችው። አይብ የለ፣ ሥጋ የለ። እማዬ በጾም ለምሳችን የምትሠራው ፓስታ!

እሁድ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። አባዬ ዓይኑ ደክሞ ሽመናውን ትቷል። «ምግቡ የጾም ነበር እኮ አባዬ! ብትነግረን ነጠላው ይነሣ ነበር» አልኩት።

«ለእናትሽማ የዚያኑ ዕለት ነግሬያታለሁ።»

ወደ እማዬ ዞርኩ። «ከተነሣማ መቀባጠርሽን ታቆሚ ነበር» አለች። «እንደዚያ ሁዳዴ ስቀን አናውቅም።»

ነጠላው ለእማዬ ዘፈን ሲባል የተደረገ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እስከ ፋሲካ እዚያ የከረመው ለእኔ ኖሯል።

የእኔ ልጅ ዛሬ ሁሉን በስልክ ታያለች፤ ጠይቃ ሳትጨርስ መልሱ ይመጣላታል። መጥፎ ነው አልልም፤ እኔም ያን ፓስታ ያገኘሁት በስልክ ነው። የዚያን እሁድ ማታ ግን ዘፈኑን ከፍቼ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁትና «ምን እየተሠራ ይመስልሻል?» አልኳት። ልትገለብጠው እጇን ዘረጋች። ዘፈኑ መሮጥ ሲጀምር እጇን ሰበሰበች።

«ቆይ፣ እንዳትነግሪኝ» አለች።