የሐሊማ ሰርግ በሁለት ፋይል

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ፣ ሐጂ ኑርሁሴን ዱካን ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመጀመሪያው ትእዛዝ አንድ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ፎርማት ማድረግ ነበር። ሐጂ የጎንደር ሰው ናቸው። ጨርቅ ይሸጡበት የነበረውን ዱካን የኮምፒውተር ጥገና አድርገውት፣ ሸህዲ ኮምፒውተር ተምሬ የመጣሁትን እኔን ቀጠሩኝ።

«በምን ላድርገው ሐጂ?» አልኳቸው። የፎርማቱን ዓይነት መጠየቄ ነበር።

«በቢስሚላህ ነዋ! በሌላ በምን ይጀመራል ልጄ?»

ቢስሚላህ ብዬ ኤንቲኤፍኤስ አደረግሁት።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ፦ ፎርማት ማለት ዲስኩ ፋይል የሚያስቀምጥበት ሥርዓት ነው። ያኔ እጃችን ላይ የነበሩት ሁለት ናቸው። ፋት ሠላሳ ሁለትን ሁሉም ዕቃ ያውቀዋል፤ ረሲቨሩም፣ የመኪናው ማጫወቻም። ግን አንድ ፋይል አራት ጊጋ ከደረሰ አልቀበልም ይላል። ኤንቲኤፍኤስ ትልቁንም ይቀበላል፤ ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ውጭ ግን የሚያውቀው ዕቃ ጥቂት ነበር። ኤክስፋት የሚባለው ገበያችን የደረሰው ኋላ ነው። ሐጂ ይህን ሁሉ ለደንበኛ ሲያስረዱ «ፋት አህያ ነው፤ ኤንቲኤፍኤስ ሎሪ ነው። ላንተ የሚገባህ ሎሪ ነው» ይሉ ነበር። ሎሪ አይገባኝም ያለ ደንበኛ አላየሁም።

ፎርማት የነበረውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ውስጡ ምን እንዳለ ማየት ግዴታ ነው። አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ከሚስቱ ጋር መጥቶ «ባዶ ነው ወላሂ» አለኝ። ስከፍተው እሱ ራሱ ከሌላ ሙሽራ ጎን ተቀምጦ ብቅ አለ። ስክሪኑን በጀርባው ከለለና «ኸላስ፣ ለዛሬ ይቅር» አለ። ሚስቱ ግን «ኧረ ይታይ እንጂ!» ብላ ወንበር ሳበች።

ይበልጥ የማስታውሰው ግን የእትዬ ዘይነባን ነው። ባለቤታቸው አያ ሰይድ ፋሽጋ ውስጥ ከአንድ ትልቅ እርሻ የትራክተር ሾፌር ነበሩ። ኸሪፍ ከገባ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን፣ ዝናቡ ሳይጀምር ወርደው ክረምቱን እዚያው ይከርማሉ። ያን ዓመት እሳቸው በወረዱ በሳምንቱ፣ የልጃቸው የሐሊማ እጮኛ ሳይታሰብ ከፖርት ሱዳን ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ሰርጉ ያለ አባት ተደገሰ፤ ኒካሁን የአባቷ ወንድም ተወክሎ አሰረ። ሙሽሮቹም ወዲያው ወደ ፖርት ሱዳን ሄዱ።

እትዬ ዘይነባ የሰርጉን ፊልም የያዘ ሀርድ ዲስክ ከጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «ነገ የመጨረሻው ሎሪ ወደ እርሻው ይወርዳል። ይህ እዚያ ደርሶ አልታይ ካለ፣ አባቷ እስከ ጥቅምት ጥቁር ሣጥን ታቅፎ ሊከርም ነው።»

ፊልሙ አንድ ወጥ ፋይል ነው፤ ስድስት ጊጋ ያህል። ሐጂ ሳይጠየቁ «ሎሪ!» አሉ። እንዳሉት ኤንቲኤፍኤስ አድርጌ ፊልሙን ገለበጥኩና፣ ለሙከራ ከዱካኑ አሮጌ ረሲቨር ላይ ሰካሁት። ረሲቨሩ ምንም አልተሰካም አለ። ሐጂ ጠጋ ብለው አዩና «ሎሪው መንገድ ጠፋበት» አሉ።

አያ ሰይድ እርሻው ላይ ፊልሙን የሚያዩበት ረሲቨር ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ደወልኩ። ኔትወርክ የሚያገኙት ትራክተሩ ላይ ሲወጡ ነው።

«አያ ሰይድ፣ ረሲቨሩ ላይ ምን ተጽፏል?»

«ጽሑፉማ በላብ ጠፍቷል። ቀለሙ ጥቁር ነው።»

«ሁሉም ጥቁር ነው አያ ሰይድ። እኔ የሞላሁልዎትን የዘፈን ፍላሽ ያነባል?»

«ያነባል እንጂ! ሠራተኛው ሁሉ ሲጨፍርበት ያመሻል።»

ያን ፍላሽ የሞላሁት በፋት ሠላሳ ሁለት ነበር። ነገሩ አለቀ፤ ዲስኩም ፋት ይሆናል፣ ፊልሙ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል።

«ሰርግ ይቆረጣል?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«ሁለተኛው ክፍል ይቀጥላል እኮ። የት ላይ ልቁረጠው? ኒካሁ ላይ?»

«አዑዙ ቢላህ! ፍቺ ልትጠሪብን ነው?»

«ጭፈራው ላይስ?»

«እዚያ ላይ የምጨፍረው እኔ ነኝ!»

ሐጂ አስታረቁን። «ምግቡ ላይ ቁረጪው። ምግብ ሲቀርብ ሙሽራ የሚያይ ሰው የለም» አሉ። እትዬ ዘይነባ ጥቂት አስበው ተስማሙ። ዊንዶውስ ራሱ ትልቅ ዲስክ ፋት ሠላሳ ሁለት አላደርግም ስለሚል፣ ለዚያ ብቻ በያዝኩት ፕሮግራም ፎርማት አደረግሁት። ፊልሙን ቆርጬ ገለበጥኩ፣ በአሮጌው ረሲቨር ሞከርኩ፤ ሠራ። ለሎሪው ሾፌር «ሁለት ክፍል ነው በላቸው» አልኩት። «ሐዲር» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ዝናቡ መንገዱን ዘጋው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አያ ሰይድ ደወሉ። ድምፃቸው የቁጣ ነበር።

«ሰዓዳ! ልጄን ሳይሸኟት ቀሩ እንዴ? ሰው በላ፣ በላ፣ ከዚያ ጠፋ! ማን ሥጋ ደጋግሞ እንዳነሳ ሠራተኛው ሁሉ በቃሉ ይዟል፤ ልጄ ግን የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም።»

«ሾፌሩ ሁለት ክፍል ነው አላለዎትም?»

«ሰርጉ ውስጡ አለ ነው ያለኝ!»

ቴሌቪዥኑ ከትራክተሩ አጠገብ፣ ከግቢው ላይ ነበር። እኔ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ከላይ ሆነው ሪሞት ለያዘው ሰው ይጮሁለታል። «አጥፋና ተመለስ! ወደ ታች! አንድ ብቻ ወደ ታች ነው የምልህ!»

ከዚያ በስልኩ ውስጥ ከበሮ ተሰማኝ፤ እልልታውም ቀጠለ። አያ ሰይድ ስልኩን ሳይዘጉ ትራክተሩ ላይ ትተውት ወረዱ። ትንሽ ቆይቶ ከበሮው ዝም ሲል፣ የሐሊማ ድምፅ ከሩቅ መጣ። መኪና ከመግባቷ በፊት ወደ ካሜራው ዞራ የተናገረችው ነው። «አባ፣ ሳትመርቀኝ ሄድኩ። ባለህበት ሆነህ መርቀኝ።»

ብዙ ድምፆች ባንድ ላይ አሚን ሲሉ ሰማሁ። የእርሻው ሠራተኛ በሙሉ ነው። አያ ሰይድ ወደ ስልኩ የተመለሱት ዘግይተው ነው።

«ሰዓዳ፣ አለሽ?»

«አለሁ አያ ሰይድ።»

«መረቅኋት» አሉና ዘጉት።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ዲስክ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ምን ላይ እንደሚሰካ ጠይቁ። ዕቃው አሮጌ ከሆነ ፋት ሠላሳ ሁለት አድርጉት፣ ትልቁን ፋይል ክፈሉት። ሁለተኛ ክፍል እንዳለው ደግሞ ለሚያየው ሰው ራሳችሁ ደውላችሁ ንገሩት።