አብዱልሐሊም ግንቡ ላይ የወጡ ዕለት

ከመርሳ በላይ፣ ባጃጅ ቆሞ ሰው በእግሩ ከሚቀጥልበት ዳገት ጫፍ፣ ግንብ ዳር የምትባል ጭር ያለች መንደር አለች። መሐሏ ላይ የቆመውን የድንጋይ ግንብ ማን እንዳሠራው መንደሩ እስካሁን አልተስማማም። ገሚሱ ባላባት ነው ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ ጠላት ሲመጣ አይቶ ቀድሞ ለመሸሽ የፈለገ ሰው ነው ይላል።

የበሩን ቁልፍ አብዱልሐሊም ከአባታቸው ወርሰዋል። እንግዳ ሲመጣ ይከፍቱና፣ «ውጡ፣ ሰማዩ ከጠራ ሐራ ድረስ ይታያል» ብለው እታች ይቀመጣሉ። ይህንንም የሚያውቁት ከወረዱ እንግዶች ሰምተው ነው። ከፍታ ይፈራሉ። ማሽላ ሲደርስ እንኳ ማማ ላይ ወጥተው ወፍ የሚጠብቁት ባለቤታቸው ቡርቱካን ናቸው።

አንድ ቀን ሂሩት የምትባል የወልድያ መምህርት ብቻዋን መጣች። ወጣች፤ ቆየች። የቀትሩ የዙህር ሶላት አለፈ፤ አልወረደችም።

«ልጄ፣ ደኅና ነሽ?» ብለው ተጣሩ።

«ደኅና ነኝ፣ አባቴ። መውረድ ግን አልቻልኩም።»

«እግርሽን አመመሽ?»

«አይ። ወደ ታች አየሁ።»

በሽታውን ያውቁታል። ሰው ለመጥራት ዞር ቢሉ መንደርተኛው ሁሉ ገበያ ወርዷል። ቢስሚላህ ብለው፣ ግድግዳውን በሁለት እጃቸው እየዳበሱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ደረጃውን ወጡ። ሲደርሱም ከሂሩት አጠገብ ዘጭ አሉ።

«ተመስገን፣ መጡልኝ! እንውረድ?»

«ትንሽ እንረፍ።»

ዕረፍቱ ረዘመ። ሂሩት ፊታቸውን አየት አድርጋ፣ «አባቴ፣ እርስዎም ይፈራሉ እንዴ?» አለች።

«እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ» አሉ አብዱልሐሊም።

ቡርቱካን ከገበያ ሲመለሱ በሩ ተከፍቷል፣ ባል የሉም። ቀና ሲሉ ሁለት ራስ አዩ።

«አንቱ! እዚያ ምን ይሠራሉ?»

«እንግዳ እያስተናገድኩ ነው።»

ቡርቱካን ዘንቢላቸውን እንደያዙ ወጡ። ማንጎ ልጠው ሁለቱንም አበሉ። ከዚያ ፊት ቀደሙና፣ «ቁጭ ብላችሁ እየተንፏቀቃችሁ ተከተሉኝ። ከጀርባዬ ሌላ የሚያይ ወዮለት!» አሉ። እንደተባለው ወረዱ። ሂሩት መሬት ስትረግጥ አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣ፤ ቡርቱካንን አቅፋ አልለቅም አለች። አብዱልሐሊም ልብሳቸውን አራገፉ።

ማታ ቡርቱካን፣ «ለመሆኑ ላይ ምን አዩ?» ብለው ጠየቁ።

«የልጅቱን ጫማ።»

መልሱ ለራሳቸውም አልጣማቸውም። ያን ሳምንት እህል እንኳ በቅጡ አልበሉም። በመጨረሻ አንድ ቀን ማለዳ ሱብሂ እንደሰገዱ ሚስታቸውን፣ «ነይ፣ ቅደሚ» አሏቸው። የቡርቱካንን ሻሽ ጫፍ ጨብጠው ወጡና፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ላይ ቀና ብለው ዙሪያውን አዩ። ቡርቱካን መርሳን፣ ወደ ውርጌሳ የሚወስደውን አስፋልት፣ በጉም የተሸፈነውን ቆላ በጣታቸው እያመለከቱ አሳዩዋቸው። አብዱልሐሊም ሁሉንም በየተራ አዩ።

«የቤታችን ቆርቆሮ ዝጓል» አሉ በመጨረሻ።